ለፋሲካ ፊልተሩን በበረኪና አጠብኩት፤ አሳዎቼ እያለቁብኝ ነው

ጁስቤት_ማርቆስ፦

እንዴት ሰነበታችሁ። ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ ትንሽ ጁስ ቤት አለችኝ። ደንበኛ ጁሱ እስኪፈጭ የሚያየው ነገር ይኑር ብዬ መግቢያው ጋ 120 ሊትር የሚይዝ የአሳ ገንዳ ካስቀመጥኩ ዓመት አልፎኛል። ሰባት ጎልድፊሽ ነበሩኝ። አሁን አራት ናቸው። ይህን ስጽፍ አንደኛው ወደ ጎን ተንጋዶ ነው የሚዋኘው፣ ስለዚህ እስክትመልሱልኝ ሦስት ሊሆኑ ይችላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለፋሲካ ቤቱን ስናጸዳ የፊልተሩን ስፖንጅ አወጣሁት። ቡኒ፣ ዝልግልግ ያለ፣ የጠላ አተላ የመሰለ ነገር ጠጥቷል። እህቴ አየችውና «ይሄን አጠገብህ አስቀምጠህ ነው ለሰው ጁስ የምትሸጠው?» አለች። አፈርኩ። አሳዎቹን ባልዲ ውስጥ አሳደርኳቸው። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አሸሁት፣ አልለቅ ሲል በረኪና ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩት፣ ጠዋት ደጋግሜ አለቀለቅኩት፣ የገዛሁት ዕለት የነበረውን መሰለ። ጠጠሩንም እንደዚያው። ውሃውንም ሙሉ በሙሉ ቀየርኩ። በዓሉን ውሃው እንደ ጠበል ጥርት ብሎ ዋለ፣ የገባ ሰው ሁሉ አደነቀልኝ።

በማግስቱም ደህና ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ላይ ላዩን ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስከፍት ሁለቱ ተንሳፍፈዋል። ማታ ሦስተኛው ተከተለ። የገዛሁበት ሱቅ ደወልኩ፣ መድኃኒት ጨምር አሉኝ፣ ጨመርኩ። ውሃው ሰማያዊ ሆነ እንጂ ለውጥ የለም። መጀመሪያ በረኪናው ነው ብዬ ነበር፣ ግን በረኪና ቢሆን የዚያኑ ዕለት አይጨርሳቸውም ነበር? ውሃው ንጹህ ነው፣ ከድሮው በጣም ንጹህ ነው። ምን አጠፋሁ በናታችሁ?

ጣና_ዳር፦

ወንድሜ፣ መድኃኒቱን አቁም። ምግብም አትስጥ፣ ዛሬም ነገም። አሳ ሁለት ቀን ባይበላ አይሞትም። አሁን ተነስና ግማሹን ውሃ ቀይር፣ ግን ቀጥታ ከቧንቧ እንዳይሆን፣ ትናንት በርሜል ውስጥ ተቀድቶ ያደረ ውሃ ካለህ እሱን ተጠቀም። ጁስ ቤት ነህ፣ በርሜል አይጠፋህም። ከዚያ ተመልሰህ የቀረውን አንብብ።

ቀየርክ? እሺ።

ያ አተላ ያልከው ነገር ነው ፊልተሩ። ስፖንጁ ቤት ነው፣ አንተ ደግሞ ነዋሪውን ጠርገህ ባዶ ቤት መለስክ። እናትህ ቡሃቃዋን አንድ ቀን በበረኪና ዘፍዝፈህ እርሾውን አንጠፍጥፈህ ብትሰጣት ምን እንደምትልህ አስበው። ያው ነው የሆነው።

አሳ አሞኒያ ያወጣል። ብዙው የሚወጣው በሰገራው አይደለም፣ በመተንፈሻው ነው፣ በዚያ ከራሱ ጎን ባለው ቀይ ማበጠሪያ በሚመስለው። ስለዚህ ሰገራውን እየለቀምክ ብታወጣም ሌት ተቀን ይጠራቀማል። እስከ ፋሲካ ድረስ የስፖንጁ ባክቴሪያዎች ሲበሉልህ ነበር። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መርዝ ናቸው፣ ናይትሬት ግን በየሳምንቱ ውሃ እየቀየርክ የምትቀንሰው ቀላል ነገር ነው።

በረኪናውን በተመለከተ ግምትህ ልክ ነው። በረኪና ቀርቶ ቢሆን ኖሮ በሰዓታት ውስጥ ታየው ነበር። ሁለት ቀን ደህና ሆነው በአራተኛው ሲረግፉ ጉዳዩ አሞኒያ ነው፣ ቀስ እያለ ነው የሚሞላው። ቀለም ደግሞ የለውም። ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ ሊጨርሳቸው ይችላል።

ሰማያዊው መድኃኒት ራሱ ለእነዚህ ባክቴሪያዎች ጥሩ አይደለም። ሻጩ ክፋት አይደለም፣ ግን ለማንኛውም ችግር መድኃኒት ሲሉ ሰልችቶኛል።

ዳሞታዊው፦

ብዙ አታወሳስቡት። ውሃውን በየቀኑ ሙሉ ለሙሉ ይቀይር፣ ገንዳውን በጨው ይጠብ፣ አለቀ። እኔ ልጅ እያለሁ አሳ በማሰሮ አስቀምጬ አውቃለሁ ያለ ምንም ፊልተር።

ጣና_ዳር፦

ስንት ቀን ቆየ ማሰሮው ውስጥ ያለው አሳ?

ዳሞታዊው፦

አንድ ሳምንት ገደማ 😄

ባዮ_ዳንግላ፦

የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ገንዳ የለኝም፣ ግን እነዚህን ፍጥረታት በጣም እወዳቸዋለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ልዘብዝብ።

በ1890 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ሰርጌ ቪኖግራድስኪ የሚባል ሳይንቲስት ከአፈር ውስጥ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ አወጣ። የሚገርመው ምግባቸው ነው። ስኳር አይፈልጉም፣ ሥጋ አይፈልጉም፣ ፀሐይም አይፈልጉም። አሞኒያን ከኦክሲጅን ጋር አዋህደው ከዚያ በሚያገኙት ጉልበት ገላቸውን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሠራሉ። እንደ ተክል ናቸው፣ ብርሃኑ ግን አሞኒያው ነው። የሚያገኙት ጉልበት በጣም ትንሽ ስለሆነ እድገታቸው ዘገምተኛ ነው። ኢኮላይ የምትባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሲመቻት በ20 ደቂቃ እጥፍ ትሆናለች። እነዚህ ግን ቢመቻቸው እንኳ ግማሽ ቀን፣ አንድ ቀን፣ ከዚያም በላይ ይፈጅባቸዋል። ጥያቄ አቅራቢው በአንድ ሌሊት ያጠፋው ነገር ለመመለስ ሳምንታት የሚፈልገው ለዚህ ነው።

መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ አሞኒያውን «ናይትሮሶሞናስ»፣ ናይትራይቱን «ናይትሮባክተር» ይበላዋል እያሉ ነበር። እኛም እንደዚያው አስተምረናል። ኋላ ላይ የገንዳ ፊልተር ውስጥ ያለው ዘረመል ሲመረመር ናይትራይቱን በዋናነት የሚበላው «ናይትሮስፓይራ» የሚባል ሌላ ወገን ሆኖ ተገኘ። ይህ በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ2005 ደግሞ ከአሜሪካ ሲያትል ከተማ የአሳ ማሳያ ገንዳ ውስጥ አሞኒያ የሚበላ አርኪያ ለይተው አሳደጉ። አርኪያ ባክቴሪያ አይደለም፣ በሕይወት ዛፍ ላይ የራሱ ቅርንጫፍ ያለው ነው። በ2011 የወጣ ጥናት ደግሞ በብዙ የጨው አልባ ውሃ ፊልተሮች ውስጥ ከአሞኒያ በሊዎቹ ብዙዎቹ አርኪያ መሆናቸውን አሳየ። በ2015 የባሰ መጣ፦ ሁለቱንም ደረጃ ብቻውን የሚጨርስ የናይትሮስፓይራ ዘመድ ተገኘ፣ አሞኒያ ገብቶ ናይትሬት ሆኖ ይወጣል። ከመቶ ዓመት በላይ ሁለት ሠራተኛ ያስፈልጋል ሲባል የኖረው ሥራ ማለት ነው። አንደኛው ቡድን ያገኘው ከአሳ እርባታ ፊልተር ነበር።

ስለዚህ ያን ዝልግልግ ነገር በአጉሊ መነጽር ብናየው ገና ስም ያልወጣለት ሁሉ አይጠፋበትም።

ጁስቤት_ማርቆስ፦

የኔታ እግዜር ይስጥልኝ። ጣና ዳር አንተም። ውሃውን ቀየርኩ፣ የተንጋደደው ሞተ። ሦስት ቀሩ፣ ትንሽ ተረጋግተዋል።

አሁን ባክቴሪያው ከየት ይመጣል? በጠርሙስ የሚሸጥ አለ አሉኝ፣ ዋጋው ግን አሳዎቹን ሁለት ጊዜ ይገዛል።

ጣና_ዳር፦

በጠርሙስ የሚሸጠው አንዳንዱ ይሠራል። ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ መጋዘን ውስጥና መኪና ላይ ስንት ቀን በፀሐይ እንደተጠበሰ አታውቅም፣ ከፍተህ ስታፈሰው የሞተ ይሁን ያለ አይታይህም። በዚያ ብር የውሃ መመርመሪያ ቴስት ኪት ግዛ፣ ስትሪፑን ሳይሆን ጠብታውን።

እርሾ ከሰው ነው የሚለመነው። የኔ ገንዳ አራት ዓመቱ ነው። ከስፖንጄ ግማሹን ቆርጬ ልላክልህ። መንገዱ ሰላም ከሆነ በዳንግላ በቡሬ አድርጎ የሚመጣ ሰው አላጣም። አንድ ነገር ብቻ። እርሾ ያልኩት አመጣጡን ነው እንጂ ጠባዩ ሌላ ነው። ሊጡ ተከድኖ፣ አየር ሳያገኝ ቢቀመጥ ይኮመጥጣል፣ ደስ ይለዋል። እነዚህ ከተከደኑ ይታፈናሉ። ስለዚህ ውሃ በተሞላ ጠርሙስ አልልከውም። በገንዳው ውሃ አርጥቤ፣ ጨመቅ አድርጌ፣ ፌስታል ውስጥ አየር እንዲቀር ላላ አድርጌ አስሬ። እርጥብ ይሁን እንጂ አይጥለቅለቅ። የተሸከመው ሰው ፀሐይ ላይ እንዳያስቀምጠው ንገረው፣ ከዶሮ ጋርም እንዳይደርበው 😂

ሲደርስህ አትጠበው። እንዳለ ከአንተ ስፖንጅ ጎን አስገባው።

ፍኖተሰላም_ልጅ፦

ስለ መታፈን ካነሳችሁ ልጠይቅ። እኔ የተዘጋ ፊልተር ነው ያለኝ፣ ከገንዳው ሥር የሚቀመጠው ባልዲ መሳይ። መብራት ለስምንት ለዘጠኝ ሰዓት ሲጠፋብን ሲመለስ መጥፎ ሽታ ያለው ውሃ ይተፋብኛል። አንዴ ሁለት አሳ ገደለብኝ።

ጣና_ዳር፦

በዚያ ባልዲ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ውሃው ከቆመ ብዙም አይቆይም፣ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ይጨርሱታል። ከዚያ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ሥራ ይጀምራል፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው። መብራቱ ጠፍቶ እንደሚቆይ ከገባህ ክዳኑን ክፈት፣ ስፖንጁንና ድንጋዩን አውጥተህ ገንዳው ውስጥ ወይም የገንዳው ውሃ ባለበት ሰፊ ሳፋ ውስጥ አድርገው። ሲመለስ ባልዲው ውስጥ የቀረውን ውሃ ደፍተህ ነው የምታስነሳው። ቀጥታ እንዳታስነሳ፣ ሁለቱን የገደለብህ እሱ ነው።

እኔ የተዘጋውን ትቼዋለሁ። በአየር ፓምፕ የሚሠራ ተራ ስፖንጅ ነው ያለኝ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ መሳቢያ ውስጥ አለች። ላምባ እንደማስቀመጥ ነው።

ባዮ_ዳንግላ፦

ኦክሲጅን ካነሳችሁ የደጋውን ነገር እንዳንረሳ። ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ላይ ጠረፍ ላይ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ የሚይዘው ውሃ እዚያ 6 ገደማ ነው የሚይዘው። ማርቆስ ቀዝቃዛ ስለሆነች ትንሽ ይካካሳል። አንድ ሚሊግራም በአሞኒያ መልክ ያለ ናይትሮጅን እስከ ናይትሬት ለማድረስ ደግሞ ከአራት ሚሊግራም ተኩል በላይ ኦክሲጅን ይበላል። ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ስታነቡ የሚሰጡት ቁጥር ለቆላ ሰው ነው፣ እናንተ የአየር ድንጋይ (ከአየር ፓምፕ ጋር ተያይዞ አረፋ የሚያወጣውን) ጨምሩ።

ጁስቤት_ማርቆስ፦

ስፖንጁ ትናንት ማታ ደረሰ። ሽታው አስገረመኝ፣ የአሳ ሽታ ይኖረዋል ብዬ ነበር። ዝናብ የመጀመሪያ ጊዜ ሲመታው አፈር የሚሸተውን ነው የሸተተኝ። እህቴ አፍንጫዋን ይዛ ወጣች።

ቴስት ኪቱም መጣ። አሞኒያ በሊትር 4 ሚሊግራም። ጠብታው ገብቶ አምስት ደቂቃ ስጠብቅ ቢጫ የነበረው ውሃ እንደ ጎመን ቅጠል ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆነ። ናይትራይት 0። ፒኤች፣ የአሲድነት መለኪያው፣ 7.4። የውሃው ሙቀት 19።

ጣና_ዳር፦

4 ብዙ ነው። በየቀኑ ግማሽ በግማሽ እየቀየርክ ከ1 በታች አውርደው። ሰው «ውሃ ከቀየርክ ባክቴሪያውን ትደፋዋለህ» ይልሃል፣ አትስማ። ውሃው ውስጥ አይደሉም፣ ስፖንጅ ላይ ጠጠር ላይ መስታወት ላይ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት። ያደረ ውሃ ብቻ ይሁን፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ። 24 ሰዓት ክፍት ቢያድር ጥሩ ነው። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ያለው ቀን ደግሞ ጨርሶ አትቅዳ።

በሁለት ቀን አንዴ ቁንጥር ምግብ ስጣቸው። 19 ዲግሪ ለጎልድፊሽ ይስማማል፣ ባክቴሪያው ግን ከ25 እስከ 30 ነው የሚወደው፣ ስለዚህ አትቸኩል።

ድንጋይ መጨመር ከፈለግክ ግንባታ ቦታ ሄደህ ሬድ አሽ ለምን። ያ ቀይ ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ። እያንዳንዱ ቀዳዳ ለእነሱ ቤት ነው። በውሃ ብቻ አጥበህ አቧራው ሲያልቅ በመረብ ከረጢት አስገባው። በውድ ዋጋ የሚሸጡልን የሴራሚክ ቀለበት ከዚህ የሚሻልበት ነገር ለእኔ አይታየኝም።

ዳሞታዊው፦

ተክልስ? ተክል አሞኒያ ይመጥጣል አሉ። ከጣና እምቦጭ ያምጣለት እንጂ በነጻ ነው።

ጣና_ዳር፦

ይመጥጣል፣ እውነት ነው። እምቦጭን ግን ከሐይቁ አውጥቶ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ በቀልድም አይወራ። እኛ እዚህ ስንት ዓመት በእጃችን እየነቀልን ያልጨረስነውን አንድ ሰው ባልዲውን ወንዝ ዳር ሲደፋ ማርቆስ ላይ ሊጀምረው ነው? በየሳሎኑ የሚንጠለጠለው ፖቶስ ይበቃል። ሥሩን ብቻ ውሃው ውስጥ አድርግ፣ ቅጠሉ ውጭ ይሁን።

ጁስቤት_ማርቆስ፦

አሁን 16 ቀኔ ነው። ቁጥሮቹን ልስጣችሁ።

ስፖንጁ ከገባ በአምስተኛው ቀን አሞኒያው በራሱ መውረድ ጀመረ። ደስ ብሎኝ ውሃ መቀየር ወደ ሳምንት አንዴ አወረድኩት፣ ምግቡንም መለስኩላቸው። በአስራ አንደኛው ቀን ናይትራይት 2 ታየ። አሞኒያ ግን 1 ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ የለም። ሁለቱም ባሉበት ናቸው። ፒኤች 6.2 ሆኗል። አሳዎቹ ደህና ይመስላሉ፣ ትንሽ ግን ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ።

ባንጃ_አግሮ፦

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አሁን የኔ ሜዳ መጣ። ግብርና ነው ሥራዬ፣ አዊ ውስጥ።

የአንተ ገንዳ የኛ ማሳ ሆኗል ማለት ነው። ገበሬው ዩሪያ ይበትናል፣ ዩሪያው አፈር ውስጥ አሞኒያ ይሆናል፣ እነዚሁ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ሲለውጡት አሲድ ይወጣል። የደጋው አፈር መጀመሪያውኑም ዝናቡ አጥቦት አሲድ የሚያበዛ ነው፣ በዚያ ላይ ይሄ ሲጨመር ገብስ አልይዝም፣ ስንዴ አልይዝም ይላል። ለዚህ ነው በየዓመቱ ኖራ ኖራ የምንለው። ኖራ ያጣው ደግሞ ማሳውን ለዲከረንስ ዛፍ ሰጥቶ ከሰል ያከስላል።

ገንዳህም ያው ነው። አንድ ሚሊግራም በአሞኒያ መልክ ያለ ናይትሮጅን ሲበሉ ከውሃው ውስጥ ሰባት ሚሊግራም ገደማ በኖራ ልክ የሚለካ አሲድ መከላከያ ይበላሉ። የአንተ ውሃ መጀመሪያውኑ ቀለል ያለ ይመስላል። ስትቀይር ሳለ አዲሱ ውሃ እየተካው ነበር፣ መቀየሩን ስትቀንስ አለቀ። ፒኤች ከ6.5 ሲወርድ እነዚህ ባክቴሪያዎች ይደክማሉ፣ 6 አካባቢ ሊያቆሙ ምንም አይቀራቸውም። አልሞቱም፣ ሥራ አቁመዋል።

ለኬክ የሚሆነውን የቤኪንግ ሶዳ ጥቅል ከሱቅ ግዛ። ለ120 ሊትርህ በቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ለአራት ቀን። በኩባያ ውሃ አሟሟና ቀስ ብለህ አፍስስ።

ባዮ_ዳንግላ፦

ቀስ ብለህ ያለውን አስምርበት! አንዴ አትድፋው። አሁን አሳዎቹን ያዳናቸው ያ ዝቅተኛ ፒኤች ነው። ቴስት ኪቱ የሚለካው አሞኒያ ሁለት መልክ አለው። አንዱ አሞኒየም ነው፣ ብዙም አይጎዳም። ሌላው ነጻ አሞኒያ ነው፣ እሱ ነው ገዳዩ። 25 ዲግሪ ላይ ፒኤች 7 ሲሆን ነጻው ከመቶ 1 እንኳ አይሞላም። 8 ላይ ከመቶ 5 ገደማ ይሆናል። 9 ላይ ከመቶ 36 ገደማ። አንድ ዓይነት ቁጥር እያሳየህ መርዝነቱ በብዙ እጥፍ ይለያያል። ሰው ገንዳውን ለወራት ረስቶት ውሃው አሲድ ከሆነ በኋላ አንድ ቀን ተጸጽቶ ከፊሉን ውሃ ሲቀይር አሳው በሰዓታት የሚሞተው በዚህ ነው። ከዚያ «ውሃ መቀየር ነው የገደለው» ይላል።

ጣና_ዳር፦

እኔ ፒኤቹን ረስቼው ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የኔ ውሃ ጠንከር ያለ ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም።

ለናይትራይቱ ጨው ጨምር። ናይትራይት ደማቸው ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፣ ደማቸው ቡኒ ይሆናል፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሱት ለዚያ ነው። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ መተንፈሻቸው ላይ ናይትራይቱን ተሻምቶ እንዳይገባ ይከለክለዋል። በሊትር አንድ ግራም ይበቃል፣ ለአንተ 120 ግራም መሆኑ ነው። የገበታ ጨው ይሆናል። ይሄንንም በሁለት ቀን ከፍለህ።

ዳሞታዊው፦

ጨው ስል ስቃችሁብኝ ነበር እኮ

ጣና_ዳር፦

አንተ ገንዳውን እጠብበት ነው ያልከው አያ 😄

ጁስቤት_ማርቆስ፦

ይቅርታ ጠፋሁ። አምስተኛ ሳምንቱ ነው።

ሶዳውን እንዳላችሁኝ በአራት ቀን ጨመርኩ፣ ፒኤች 7.2 ደረሰ። በሦስተኛው ቀን አሞኒያው ወረደ። ናይትራይቱ ግን መጀመሪያ ወደ 5 ወጣ፣ ፈራሁ፣ ውሃ እየቀየርኩ ጨውንም እየተካሁ ጠበቅኩ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ስለካ ያ ወይን ጠጅ ቀለም የለም፣ ሰማያዊ ብቻ። ደገምኩት፣ ሰማያዊ። ዛሬ አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0፣ ናይትሬት 20።

ስፖንጁ እንደገና ቡኒ ሆኗል። ትናንት ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጨመቅ አድርጌ መለስኩት፣ ከዚያ በላይ አልነካሁትም። እህቴ ያን ውሃ ልትደፋ ስትል ባንጃ ስለ ዩሪያና ናይትሬት ያለውን ነገርኳትና ለጤና አዳሟ አጠጣችው። በረኪናው አሁን ጓዳ ውስጥ ተቆልፎበታል።

ሦስቱ አሳዎች ደህና ናቸው። ደንበኞች የት ሄዱ እያሉ ይጠይቁኛል። አራት ልጨምርና ወደ ሰባት ልመልሳቸው?

ጣና_ዳር፦

አትጨምር። 120 ሊትር ለሦስት ጎልድፊሽ ራሱ ጠባብ ነው። ሰባቱን ይዞልህ የቆየው ያ ስፖንጅ ነበር።